ሸክላው አልጠገበም

በማዘጋጃ ቤቱ ችግኝ ጣቢያ እትዬ ፊላ ሁለት ነገር ታሳድግ ነበር፤ ውሃ የሚወድ ተክልና ቂም። ተክሉን በላስቲክ ከረጢት፣ ቂሙን በደረቷ። ሁለቱንም በየማለዳው ታጠጣለች፤ ሁለቱንም ከፀሐይ ትከልላለች። ተክሉ አንዳንዴ ይጠወልግባታል፣ ትል ይገባበታል፣ ቅጠሉ ይቃጠልባታል። ቂሙ ግን አንድም ቀን ጠውልጎባት አያውቅም።

እውነተኛ ስሟን የሚጠራት ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ፊላ ማለት ረግረግ ውስጥ የሚበቅለው፣ ቀጥ ያለ፣ ሲደርቅ ቡናማ ራሱ እንደ ጥጥ የሚበተነው ተክል ነው። እናቷ እርሱን እያጨዱ ምንጣፍ ይሠሩ ነበርና የሰፈሩ ሰው «እማማ ፊላ» አላቸው፤ እሳቸው ሲሞቱ ስሙ ወደ ልጅቷ ዞረ። ከእናቷ የወረሰችው ይኼንኑ ስምና አንድ የዘፈን ዜማ ነው። የቀረውን ሁሉ ወንድሟ ወስዶታል።

ረግረጉ ከሰፈሩ ታች፣ ከእናትየው ቤት ጓሮ ይጀምር ነበር። ዝናብ ሲጥል ከላይኛው አስፋልት፣ ከየጣሪያውና ከየግቢው እየተግተለተለ የሚወርደው ውሃ ቁጣውን ይዞ እስከዚያ ይመጣና፣ ፊላው ውስጥ ሲገባ እናቱ ጉያ እንደተወሸቀ ሕፃን ጸጥ ይላል። ይንጣለላል፣ ያንቀላፋል፣ ቀስ እያለ ወደ መሬት ይሰርጋል። መካከሉ ላይ በበጋም የማትደርቅ ትንሽ ምንጭ ነበረች፤ እንቁራሪቶች ማታ ማታ የሚሰበሰቡባት፣ ልጆች ቀን ቀን ፊታቸውን የሚያዩባት።

ክረምት ሊገባ ሲል እናትየው ሁለት ልጆቻቸውን ጫማ ያስወልቁና የቤቱን መሠረት ዙሪያውን በሸክላ አፈር ያስረግጧቸዋል፤ ውሃው ጎረቤት ሆኖ እንዲቀር፣ ገብቶ እንዳይቀመጥ። አረጋገጡ ሥርዓት ነበረው። ረጋጮቹ ጭቃው ውስጥ በመስመር ይቆማሉ፤ አዝማቿ ከደረቁ መሬት ላይ ሆና ትገጥማለች። እርሷ አንድ ስንኝ ስትል፣ እነርሱ እግራቸውን አንድ ላይ እያሳረፉ «እውነት ነው!» ይላሉ። አንዱ መልሱን ከዘለለ እግሩም ይዘላል፤ እግሩ ከዘለለ ሸክላው ውስጥ ክፍተት ይቀራል። ስለዚህ የዘለለ ሰው ካለ መስመሩ በሙሉ ከመጀመሪያው ይረገጣል። ማንም ይሁን ማን፣ ይቅርታ የለም።

«የኔ ልጅ ሰነፍ ነው ሲረግጥ ያንቀላፋል፤»
«እውነት ነው!»
«ምሳ ሲጠሩት ግን አጥር ዘሎ ያልፋል።»
«እውነት ነው!»

ወንድሟ በሳቅ ይፈርሳል፤ ቢስቅም መልሱን አይስትም። ድምፁ ደግሞ ድምፅ ነበር። ከጎረቤት ሥራቸውን ትተው ሊሰሙት ይመጡ ነበር። እትዬ ፊላ ያን ጊዜ «ጋሼ» ትለዋለች፤ በጋሼ ድምፅ ላይ ድምጿን ደርባ ስትረግጥ ዓለም ሁሉ ከእግሯ ሥር እየጠበቀ፣ እየጸና የሚሄድ ይመስላት ነበር።

ጋሼ አደገ። መጀመሪያ የገልባጭ መኪና ረዳት፣ ቀጥሎ ሹፌር፣ ቀጥሎ ባለቤት ሆነ። ሰፈሩ «ባለ ገልባጩ» አለው። በክረምትም በበጋም ጥቁር መነጽር ያደርጋል፤ የሰፈሩ ቀልደኛ ግንበኛ እንደሚለው ሰው ዓይኑን አይቶ ብድር እንዳይጠይቀው ነው።

እናትየው ታመው ሐኪም ቤት በተኙበት ሰሞን እትዬ ፊላ የሚለብሱትን ልትወስድ ወደ ቤት ብቅ ስትል፣ ገልባጭ መኪኖች ወደ ጓሮው ተሰልፈው አገኘች። ከተማው ውስጥ የፈረሰ ቤት ሁሉ፣ ጡቡ፣ ኮንክሪቱ፣ የተሰባበረው ሸክላ፣ በፊላው ላይ እየተገለበጠ ነው። አቧራው ከረግረጉ እንፋሎት ጋር ተቀላቅሎ ሰማይ አይታይም። ሮጣ ከፊተኛው መኪና ፊት መንገዱ ላይ ተደፋች።

«ጋሼ፣ በእናታችን! ውሃው የት ይሂድ? እኛስ?»

ወንድሟ በመስኮቱ አንገቱን ብቅ አደረገ። መነጽሩ ውስጥ እርሷ ሁለት ቦታ ላይ ተደፍታ ትታያለች።

«ውሃ መሄጃ አያጣም፤ አንቺም አታጪም። ዞር በይ!»

እርሷ አልተነሳችም። እርሱም አልጠበቃትም፤ መሪውን አዙሮ በጎኗ አለፈ።

ረግረጉ ተሞላ፤ በላዩ ላይ የወንድሟ ቪላ ተነሳ። ቪላው ጣሪያ በለበሰበት ክረምት፣ መኝታው የጠፋበት ውሃ ሰፈሩን ሲዞር ሲዞር ከርሞ የእናትየውን ቤት በር አንኳኳ። ያ የተረገጠ ሸክላ የቻለውን ያህል ቻለ፤ በኋላ ግን ውሃው በደፉ ላይ አልፎ ገባ። ምንጣፍ መሥሪያው ተንሳፈፈ፣ አልጋው ራሰ። እናትየው በእርጥብ ፍራሽ ላይ ሲስሉ ከረሙ። ሳላቸው መንገድ ተሻግሮ ይሰማ ነበር፤ የቪላው መስኮት ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። ክረምቱ ሳይወጣ እናትየው ወጡ።

በቀብሩ ዕለት ወንድሟ መነጽሩን ሳያወልቅ ቆሞ ዋለ። እትዬ ፊላ አላለቀሰችም፤ ጥርሷን ነክሳ አንድ ነገር ብቻ ለራሷ ነገረች። በእኔ ቤት የገባው ውሃ በእርሱ ቤት ሳይገባ እኔ ወደ አፈር አልገባም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሟን «ጋሼ» ብላው አታውቅም። «እርስዎ» ነው የምትለው። አክብሮት ለሚመስለው ሰው አክብሮት ነው፤ የእናት ልጅ ለሆነ ግን ከጥፊ ይብሳል።

*

ዓመታት ሄዱ። እትዬ ፊላ በማዘጋጃ ቤቱ ችግኝ ጣቢያ ተቀጠረች፤ ፀጉሯ ሸበተ። ታችኛው ሰፈር በየክረምቱ እየተጥለቀለቀ፣ ሰው በየክረምቱ ወንበሩን አልጋው ላይ፣ አልጋውን ጡብ ላይ እየሰቀለ ኖረ። በቪላው አጥርና በመንገዱ መካከል ከድሮው ረግረግ የተረፈች ጎድጓዳ መሬት ነበረች፤ ቆሻሻ ይጣልባታል፣ ዝናብ ሲሆን ትሞላና ወደ ሰፈሩ ትገለበጣለች።

አንድ ቀን ከማዘጋጃ ቤቱ አንዲት የፕላን ባለሙያ ካርታዋን ጠቅልላ መጣች። ቆፍጣና፣ የሚጠይቃትን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየች የምትመልስ ወጣት ናት። የሰፈሩን ሰው ከጎድጓዳዋ መሬት ዳር ሰበሰበችና ውሃን በቱቦ ማባረር እንደማያዋጣ፣ ባለበት ተይዞ ተክል ጠጥቶት፣ መሬት ጠጥቶት፣ የቀረው ለበጋ መቀመጥ እንዳለበት አስረዳች።

«አረንጓዴ መሠረተ ልማት ይባላል፤» አለች።

«አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ኮንክሪት ነው?» አላት ግንበኛው። ሰፈሩ ውስጥ ከእርሱ ቀልድ ያመለጠ የለም።

«ኮንክሪት የሚያስፈልገን ላንተ አፍ ብቻ ነው፤» አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰፈሩ የእርሷ ሆነ።

ሐሳቧ ቀላል ነበር። የመንገዱ ጠርዝ በየቦታው ይከፈትና የጎርፉ ውሃ ወደ ጎድጓዳዋ መሬት ይገባል። መሬቷ ተጠርጋ ኩሬ ያለው መናፈሻ ትሆናለች፤ ፊላና ሌላ ውሃ ወዳድ ተክል ይተከልባታል። ኩሬው እስከ በጋ ውሃ እንዲይዝ፣ ውሃውም ወደ ቤቶች መሠረት እንዳይሰርግ፣ ዙሪያው በሸክላ አፈር ይጠቀጠቃል። መጠቅጠቂያ ማሽን አጥር አጠገብ ከቀረበ ግንቡን ይሰነጥቀዋል፤ ስለዚህ በእግር ይረገጣል። ኩሬው በደጁ የሚያልፍ ሁሉ የደጁን በገዛ እግሩ ይረግጣል።

እትዬ ፊላ ይኼን ስትሰማ ልቧ ስንጥቅ አለ። ካርታውን ማንበብ አያስፈልጋትም። የኩሬው ረዥሙ ወገን የሚያልፈው በማን አጥር ሥር እንደሆነ ቆማ እያየችው ነው።

የርገጣው ቀን ሰፈሩ ሁሉ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ መጣ። ባለ ገልባጩ ግን አልመጣም። መልእክት ተላከ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ተክሉን ልታስተክል የመጣችው እትዬ ፊላ ሰዉ ማጉረምረም ሲጀምር ወደ ፊት ወጣች።

«ተዉት። የእሱን እኔ እረግጥለታለሁ። ወንድሜ አይደል?»

ሴቶቹ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ደም እኮ ውሃ አይሆንም፣ ምን ያለች ልብ ናት!» እያሉ መረቋት። እርሷ ምርቃቱን ተቀብላ በአጥሩ ሥር ብቻዋን ወረደች። አፈሩን በተነች፣ እርጥበት ሳታጠግበው፣ እግር ሳታሳርፍበት አለሰለሰችው፤ ላዩን በእጇ መዳፍ መታ መታ አድርጋ አስተካከለች። ከላይ ለሚያየው ልክ እንደ ሌላው ነው። ውስጡ ግን ደጁ ያልተቀረቀረ ቤት ነው። እያለሰለሰችው በለሆሳስ ታንጎራጉር ነበር።

«ደመና ና ውረድ በር ከፍቼልሃለሁ፤
ከወንድሜ ግቢ እጠብቅሃለሁ።»

ስትወጣ ግንበኛው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሟል። እግሯን አየ፤ ከዚያ ፊቷን አየ።

«እትዬ፣ ሸክላ የረገጠ እግር እንዲህ ይነጣል እንዴ?»

«ታጥቤው ነው።»

«የት ታጠብሽው? ውሃው ገና አልመጣ።»

«ይመጣል፤» አለችው። እርሱ ዓይኑን ወደ አጥሩ ሥር፣ ወደ ሸክላው አዞረ።

*

የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ሰዉ ዣንጥላ ይዞ ወጣ። ውሃው አስፋልቱን እየላሰ ወረደ፣ በጠርዙ አፎች ታጥፎ ገባ፣ በፊላዎቹ መካከል ተንጣለለ። ታችኛው ሰፈር ውስጥ አንዲት የወንበር እግር እንኳ አልራሰችም። ሰው ተቃቀፈ፤ ባለሙያዋ ቦት ጫማዋን ይዛ ዘለለች። እትዬ ፊላ ኩሬውን አላየችም። ዓይኗ አጥሩ ላይ ነበር።

ውሃው የተከፈተለትን በር አገኘ። ከአጥሩ ሥር ገብቶ ከቪላው በታች የተቀበረው ፍርስራሽ ላይ ደረሰ። ፍርስራሽ ደግሞ ሲሞሉት የጠነከረ ይመስላል እንጂ ውስጡ ባዶ ለባዶ ነው፤ በጡቡና በኮንክሪቱ ስብርባሪ መካከል ውሃው ሽቅብም ቁልቁልም እየተመላለሰ፣ እየተሰበሰበ፣ በመጨረሻ የድሮ አልጋውን አገኘ። በቪላው ግቢ መካከል፣ ያች ምንጭ በነበረችበት ቦታ ላይ፣ የሚያብረቀርቀው የግቢው ንጣፍ አንድ በአንድ ጀርባውን እየቀና ተነሳ። ከሥሩ ውሃ ብቅ አለ። አልተቆጣም፣ አልጮኸም። ከረዥም መንገድ እንደተመለሰ ባለቤት ዝም ብሎ ገብቶ ተቀመጠ።

በማግስቱ ባለ ገልባጩ ችግኝ ጣቢያ መጣ። ከሩቅ ስታየው አወቀችው፤ ሱሪው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ርሷል።

«እህት ዓለም፤» አለ። እንዲህ ሲላት ከስንት ዘመን በኋላ ነው።

«አቤት፣ ምን ልታዘዝ?»

«ግቢዬ ውስጥ ውሃ እየፈለቀ ነው። ንጣፉ ተነቃቅሎ አለቀ። ሳሎን ሊገባ ነው፣ ምንጣፉን ሰቀልነው። እናንተ የቆፈራችሁት ነገር ነው ያመጣብኝ። አንድ ነገር አድርጊ እንጂ! ምድር ቁና ሆነችብኝ እኮ። ይኼ ሁሉ ውሃ የት ይሂድልኝ?»

እትዬ ፊላ የውሃ ማጠጫውን መሬት ላይ አስቀመጠች። እጇን በሽርጧ አበሰች። ይኼን አፍታ ስንት ክረምት አልማዋለች! ቃሉን አፏ ውስጥ እንደ ከረሜላ አገላብጣ አላመጠችው።

«ውሃ መሄጃ አያጣም፤» አለች ቀስ ብላ። «እርስዎም አያጡም። ዞር ይበሉ፣ ችግኝ ላጠጣ ነው።»

መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑ ሥር ከረጢት አበጅቷል፤ አርጅቷል። ፊቱን አዙሮ ሄደ። እርሷ በችግኞቹ መካከል ቆማ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ያን ቀን የዘፈነችው ዘፈን፣ አብረዋት የሚሠሩት እንዳወሩት፣ የሠርግ ነበር የሚመስለው።

*

ደስታዋ ግን አልሰነበተም። ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ኩሬው ቁልቁል ወረደ። በሌሎች ሰፈሮች በተሠሩት ተመሳሳይ መናፈሻዎች ውሃው ተኝቶ ሳለ የዚህ ሰፈሩ ብቻ በወንፊት እንደተቀዳ ጎደለ። ጭቃው ተሰነጣጠቀ። ፊላዎቹ፣ ከዘር ያበቀለቻቸው፣ በእጇ ያወረደቻቸው፣ ከጫፋቸው ጀምሮ ቢጫ ለበሱ። አንዷን ነካች፤ በጣቷ መካከል እንደ ወረቀት ተንኮሻኮሸች።

የሰፈሩ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ባለሙያዋ ፊቷ ጠቁሯል። ኩሬው የሆነ ቦታ እያፈሰሰ እንደሆነ፣ ካልያዘ በጋውን ደረቅ ጉድጓድ ሆኖ እንደሚቀር ተናገረች። ከኋላ ወንበር የተጎተተበት ድምፅ መጣ። ባለ ገልባጩ ተነስቷል፤ መነጽሩም ተመልሷል።

«ለምን እንጨቃጨቃለን? ደረቅ ጉድጓድ ለልጆቻችንም አደጋ ነው። መኪናዎቼ ቆመዋል። በሁለት ምልልስ በፍርስራሽ እሞላላችኋለሁ። በነጻ! ላዩን አስፋልት አልብሱትና የመኪና ማቆሚያ ይሁን።»

አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። በነጻ የሚለው ቃል ጆሮ ውስጥ ሲገባ ይጣፍጣል።

እትዬ ፊላ ቆሽቷ አረረ። በዓይኗ ገልባጩ ሲያዘነብል፣ አቧራው ሲነሳ፣ ፊላው ሲቀበር ታያት። ለሁለተኛ ጊዜ። ግንበኛው ወደ ጆሮዋ ዘመም አለ።

«እትዬ፣ አንቺ የከፈትሽለት በር ለእሱ መኪና ማስገቢያ ሆነለት እኮ።»

«ዝም በል።»

«እኔ ዝም ብያለሁ። እግርሽ ነው የሚያወራው።»

ቁጭ ብላ አሰበች። በሩን ብትዘጋው የወንድሟ ግቢ ይደርቃል፤ ስንት ዘመን የጠበቀችው ውሃ በገዛ እጇ ይመለሳል። ባትዘጋው የእናቷ ፊላ ዳግመኛ በእርሱ መኪና ይቀበራል። ሁለቱም መንገድ ለእርሱ ነው። ይኼ ሰውዬ ተኝቶም ያሸንፋል ማለት ነው? ከሆዷ ውስጥ ያ የእናቷ ዜማ ብድግ አለ። ቀና አለች። ፈገግታዋን ያየው ግንበኛው ብቻ ነው፤ ወንበሩን ትንሽ ራቅ አደረገ።

«እኔ የምለው፤» አለች ተነስታ፣ «ደጁን በገዛ እግሩ ያልረገጠ ማነው?»

ሰው ሁሉ ወደ ባለ ገልባጩ ዞረ።

«አንቺ ረገጥሽልኝ አሉኝ እንጂ!» አለ።

«አንዲት አሮጊት እርስዎን ታህል? የእኔ እግር የእርስዎን ደጅ መቻል ነበረበት?»

ሳቅም ቁጣም ተነሳ። «እውነቷን ነው! ሁላችንም ጭቃ ገብተናል፣ እሱ ማን ሆኖ ነው?» ባለሙያዋ ሰዉን ዝም አሰኝታ በነጋታው አጥሩ ሥር አስቆፈረች፤ ሸክላው እንደ ዱቄት ላላ። ባለ ገልባጩ ማሽን እንደሚያመጣ ተናገረ፤ ግንቡ እንደሚሰነጠቅ ነገረችው። ሠራተኛ እንደሚልክ ተናገረ፤ ሰፈሩ አንድ ላይ ጮኸበት። እንግዲያው ይሞላ፣ በፍርስራሽ ይሞላ ብሎ ተቆጣ።

«ይሞላ፤» አለችው ባለሙያዋ ዓይን ዓይኑን እያየች። «ግን ይወቁት። ቤትዎ ፍርስራሽ ላይ ነው። ከፊቱ ሌላ ፍርስራሽ ቢጨምሩ የመንገዱ ውሃ ሁሉ በሥሩ እየሄደ ግቢዎ ይገባል። ዘንድሮ ንጣፍ ነው የተነሳው፣ ከርሞ ግድግዳው ነው። ያንን ውሃ የሚያቆመው የተረገጠ ሸክላ ብቻ ነው።»

ባለ ገልባጩ ወደ ግቢው አየ። ከዚያ ወደ ጭቃው አየ። ገልባጭ ሙሉ ፍርስራሽ ከፊት፣ ገልባጭ ሙሉ ፍርስራሽ ከኋላ፤ አንዱን የደፋው፣ ሌላውን ልድፋ ያለው ራሱ ነው።

*

ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ገና ሳትከር ረጋጮቹ አጥሩ ሥር በመስመር ቆሙ። ጥሎ እንዳይወጣ ግራና ቀኝ ሰው ተሰጠው፤ ባለ ገልባጩ መካከል ላይ ነው። ሱሪውን ጠቅልሏል። እግሩ ነጭ ነው፤ ስንት ዓመት አፈር ያልነካ እግር። ሲገባ ጭቃው እስከ ባቱ ዋጠው፤ ጎረቤቱን ሊይዝ እጁን ሰነዘረ። ሴቶች አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

እትዬ ፊላ ከደረቁ መሬት ላይ ወጥታ ቆመች። አዝማች የምትቆምበት ቦታ ነው። መቀነቷን አጠበቀች።

«ሕጉ ይታወቃል፤» አለች። «እኔ እላለሁ፣ እናንተ ‘እውነት ነው’ ትላላችሁ፣ እግር አንድ ላይ። መልስ የዘለለ ካለ መስመሩ ከመጀመሪያው ነው። ሸክላ ዝም ያለ እግር አያምንም።»

ከዚያም በእናቷ ዜማ ጀመረች።

«የኔ ልጅ ሰነፍ ነው ሲረግጥ ያንቀላፋል፤»

«እውነት ነው!»

«ምሳ ሲጠሩት ግን አጥር ዘሎ ያልፋል።»

«እውነት ነው!»

ባለ ገልባጩ ቀና ብሎ አያት። ፊቱ ላይ የልጅ ሳቅ ፈነዳ። በሁለተኛው መልስ ላይ ድምፁ ከሰዉ ድምፅ ተለይቶ ወጣ፤ ሻክሯል፣ ግን ያው ነው። እግሩም ዜማውን ከራሱ በፊት አስታወሰ። እትዬ ፊላ ያን ድምፅ ስትሰማ ልትረታ ነበር። ደረቷ ውስጥ አንዲት ትንሽ ልጅ «ጋሼ» ልትል አፏን ከፈተች። በዚያች ቅጽበት ግን ሌላ ድምፅ፣ እርጥብ ፍራሽ ላይ የተኛ ሳል፣ ከሩቅ መጣባት። ድምጿን ከፍ አደረገች።

«ውሃ ቤት ነበረው በፊላ የታጠረ፤»

«እውነት ነው!»

«የናቱ ልጅ መጥቶ በድንጋይ ቀበረ።»

«እውነት ነው!» አለ መስመሩ። መካከሉ ላይ ግን አንድ እግር ዘገየ፣ አንድ ድምፅ ጎደለ። ሳቁ ባለ ገልባጩ ፊት ላይ ደርቆ ቀርቷል።

«ዘሏል!» አለች እትዬ ፊላ። «ከመጀመሪያው!»

«ኧረ ሰውዬ መልስ እንጂ!» ጮኸ ከግራው ያለው። «ወገባችን ሊቆረጥ ነው!»

«ምን ይከብደዋል፣ ‘እውነት ነው’ ማለት?» አለች ከቀኙ ያለችው። «እውነት ነዋ!»

ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። አራቱ ስንኞች ተደገሙ። ባለ ገልባጩ በጥርሱ መካከል «እውነት ነው» አለ፤ እግሩን አሳረፈ። እትዬ ፊላ ፋታ አልሰጠችውም።

«እህቱ ለመነች መንገድ ላይ ተደፍታ፤»

«እውነት ነው!»

«ጎማውን አዞረ ሳይሰጣት ሰላምታ።»

«እውነት... ነው!»

መነጽሩ በላብ ተንሸራቶ ጭቃው ላይ ወደቀ። ጎንበስ ሊል ሲል መስመሩ ገፋው፤ የማን እግር እንደሆነ ሳይታወቅ መነጽሩ ከሸክላው ጋር አብሮ ተረገጠ። ከዳር ቆሞ ሲያይ የነበረው ሰው ሳቁን አቁሟል። ታሪኩን የሚያውቁት አሮጊቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«እናት በርጥብ አልጋ ስትስል ከርማ፤»

«እውነት ነው!»

«ልጇ መስኮት ዘጋ ድምጿን እንዳይሰማ።»

መስመሩ ሁሉ እግሩን አንስቶ መካከሉን ጠበቀ። ባለ ገልባጩ ቀና ብሎ እህቱን አያት፤ ዓይኑ ያለ መነጽር የእናቷን ዓይን ነው የሚመስለው። እርሷ ዓይኗን አልሰበረችም። ጠበቀችው።

«እውነት ነው፤» አለ።

ብቻውን ነው ያለው። ድምፁ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ እግሮች ሁሉ ግን አንድ ላይ አረፉ። መሬቱ ሲደልቅ ከደረቁ ቦታ ላይ እንኳ እግሯ ሥር ተሰማት። እየጠበቀ፣ እየጸና ነበር።

ባለሙያዋ ወርዳ ሸክላውን በብረት ወጋችው። ብረቱ አልገባም። በደስታ አጨበጨበች፤ የምታጨበጭብለት ነገር ምን እንደሆነ በግማሹ ብቻ ነው የምታውቀው።

«ያዘ! አንድ ጠብታ አያሳልፍም። ጨርሰናል!»

ረጋጮቹ ተነፈሱ። ባለ ገልባጩ እንባውን በጭቃ እጁ ጠርጎ እጁን ወደ እህቱ ዘረጋ፤ ከጭቃው እንድታወጣው ይሁን፣ ሌላ ነገር እንድትሰጠው ይሁን፣ አይታወቅም።

«በቃ እህት ዓለም፤» አለ በሹክሹክታ። «አውጪኝ።»

ግንበኛው ወደ እርሷ ጠጋ አለ። «እትዬ፣ በቃው። ጠግቧል፤ ሸክላው ጠግቧል።»

እትዬ ፊላ የተዘረጋውን እጅ አየች። ከእጁ በላይ የዳኑትን ፊላዎች፣ ከፊላዎቹ በላይ ያንን የተዘጋ መስኮት አየች። መቀነቷን ፈትታ እንደገና አሰረችው።

«አልጠገበም፤» አለች። «መስመር ያዙ።»

ደረቷን ነፍታ ጀመረች።

«ባለ መነጽሩ ጭቃ ውስጥ ገባልኝ፤
እናቴን ጥሩልኝ መጥታ ትይልኝ።»